ኑሩ፣ ሺ እግሮቹና የእንቁላል ቅርፊቴ

ጻፊ ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጄ ልጅ ሶስና ደብተርና እስክሪብቶ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ፣ «እማማ፣ የኑሩን ነገር ልክ እንደምታወሪው አድርገሽ ጻፊው፤ እኔ ሳወራው አያስቅም፣ አያስለቅስምም» አለችኝ። አዲስ አበባ ያሉት የአጎቷ ልጆችም በስልክ፣ «የሺ እግሩ ሰውዬስ?» እያሉ ይነዘንዙኛል። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። እንግዲህ ጽሑፉ ቢንጋደድ፣ ነገሩም ወዲያ ወዲህ ቢልብኝ ታገሡኝ። ስናገርም እንዲሁ ነኝ።

ኑሩ ያረፈው አምና ክረምት ነው። ከሪያድ ወጣ ብሎ በሚገኝ ኢስቲራሐ ዘበኛ ነበር። ኢስቲራሐ ማለት አረቦቹ ከከተማ ወጥተው የሚያርፉበት ዛፍ ያለው ግቢ ነው። የዐሱርን ሶላት ሰግዶ፣ የተምር ዛፎቹን ውኃ እያጠጣ ሳለ ወደቀ አሉን። ሰዎች ሲደርሱ ጎማው ከእጁ አልወጣም፤ ውኃው ዝም ብሎ ይፈስ ነበር። ስልኩን ያነሣችው ልጄ ትዕግስት ነች። ነርስ ናት፣ ሞት አዲስ አይሆንባትም፤ ያን ቀን ግን ምድጃውን አጥፍታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሶስና ደግሞ፣ «ታዲያ ሺ እግሮቹን ማን ያበላቸዋል?» ብላ ጠየቀች። እኔ ተነሥቼ ወደ ኩሽና ገባሁና፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁለት እንቁላል ሰበርኩ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ወደ ሪያድ የመጣሁት በ2010 ነው። ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ ትዕግስት፣ «ብቻሽን አትቀሪም» ብላ አስመጣችኝ። ቤታችን ፉጣ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አሮጌ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ቡፊያ ነው፤ ጠባብ ቤት፣ ከንጋት ጀምሮ የእንቁላል ሳንዱችና ሻይ በወተት የሚሸጥበት። ትዕግስት ጠዋት ወደ ክሊኒኳ ትሄዳለች። ሶስና ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እሷም ትምህርት ቤት። እኔ ነጯን የፕላስቲክ ወንበር መስኮቱ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር። ምሳ ካቀረቡልኝ እበላለሁ፣ ካላቀረቡልኝ አልበላም። ትዕግስት በምሥጢር ስለ እኔ ከክሊኒኳ ሐኪሞች ጋር ትማከር እንደነበር ኋላ ነው የነገረችኝ። የእኔ ነገር ይህን ያህል ይበቃል፤ የምጽፈው ስለ ኑሩ ነው።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በጣት አንጓ፣ ቀስ ብሎ። ስከፍት ደጃፉ ላይ ማንም የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ፣ አንድ ሰው ሁለት ደረጃ ወደ ታች ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ቆሟል። ቀጠን ያለ፣ አጠር ያለ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፤ እጆቹ በወፍ ጥፍር የተጫጫሩ።

«አንቱ እማማ፣ አይደንግጡ» አለ። «ኑሩ ነኝ፣ ሰገነቱ ላይ ያለሁት። የወሎ ልጅ።»

«እንደምን ነህ ልጄ። ትዕግስት የለችም።»

«አንቱን ነው የፈለግሁ። ዛሬ እንቁላል ሠርተዋል?»

ርቦት ነው የመጣው አልኩ በሆዴ። «ሠርቼ ነበር፣ አለቀ። ግባ፣ ሌላ ልሥራልህ።»

«ኧረ እንቁላሉን አይደለም። ቅርፊቱን ነው።»

«ቅርፊቱን? ምን ሊያደርግልህ?»

«ለሺ እግር።»

እኔ እሱን አያለሁ። እሱ ግድግዳውን ያያል። ሰው ሴት ብቻዋን ያለችበት ደጃፍ ላይ እንዲህ ነው የሚቆመው ብሎ ነው፤ እኔን ሲያነጋግር አንድም ቀን ከዚያች ደረጃ ወደ ላይ አልወጣም።

«ሺ እግር ጠፋዎት? ክረምት ሲገባ ከበሰበሰ ግንድ ሥር የሚወጣው፣ ሲነኩት የሚጠቀለለው።»

«እሱንማ በመጥረጊያ ጠርጌ ነው የምጥለው! ሰው ያረባዋል እንዴ?»

«እኔም እንደ አንቱ ነበርኩ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ነገሩን ያን ዕለት ደረጃው ላይ ቆሞ አጫወተኝ። ኑሩ ዐዚዚያ ያለው የወፍ ገበያ ውስጥ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ርግብ፣ ካናሪ፣ በቀቀን፣ አንዳንዴም ኤሊ ይሸጣሉ። የሱቁ ደንበኛ የሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ ሳዑዲያዊ አስተማሪ ነበሩ፤ ሁሉም ኡስታዝ ነው የሚላቸው። እኒህ ሰው ከአፍሪካ የመጡ አሥራ ሁለት ትልልቅ ሺ እግሮች ነበሯቸው፤ አንዱ ስንዝር ያልፋል። ኡስታዝ ታመው ለሕክምና ውጭ ሀገር ሊሄዱ ሆነ። ልጆቻቸው እንስሳቱን ይጸየፋሉ፤ ቤት ቢተዉአቸው አውጥተው እንደሚጥሏቸው ኡስታዝ ያውቃሉ። ስለዚህ ሳጥኑን ለኑሩ ሰጡት።

የኑሩ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ያኔ ጊዜው ካበቃ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስሙ የተጻፈበት ከፊል፣ ማለት ኃላፊነቱን የወሰደለት ዐረብ፣ አላድስም ብሎ ስልኩን ዘግቶበታል። ጊዜው ደግሞ ፍተሻ የበረታበት ነው። የሰናኢያ፣ የፋብሪካው ሰፈር፣ ልጆች ከሥራ ሲወጡ በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ሀገር ይላኩ ነበር። ኑሩ ወሎ ውስጥ ሚስትና አራት ልጅ አለው፤ ሁሉም የሚኖሩት በእሱ ነው። ኡስታዝ ሲሰናበቱት እንዲህ አሉት፦ «ስመለስ በሕይወት ካገኘኋቸው ስምህን ወደ እኔ አዛውራለሁ፤ ኢስቲራሐዬንም ትጠብቅልኛለህ። እነዚህን ማኖር የቻለ ሰው ዛፎቼን አያደርቅብኝም።»

«እና እማማ» አለኝ ኑሩ፣ «የእኔ ኢቃማ አሁን አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። ኪያር ይበላል።»

ቅርፊቱ ለምን እንዳስፈለገም ነገረኝ። የተማረው ከኡስታዝ ነው። «የኛ አጥንት ውስጥ ነው፣ የሱ ውጭ ነው» አለ። «ልብሱም፣ ቤቱም፣ አጥንቱም አንድ ነው። ሲያድግ ይጠበዋል፤ አፈር ውስጥ ይገባና ያወልቀዋል። አዲሱ ሲወጣ ነጭ ነው፣ እንደ ሊጥ የለሰለሰ። ያኔ ካልስየም ካላገኘ አይጠነክርም። እንደ ለሰለሰ ይሞታል።»

«ካልስየም ምንድን ነው?»

«ወተት ውስጥ ያለው፣ አጥንት የሚያጠነክረው። እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ሞልቷል።»

ይህንንስ እኔም አውቄው ኖሯል፤ ስሙን ብቻ ነው የማላውቀው። እናቴ ዶሮዋ ቅርፊት የሌለው እንቁላል ስትጥልባት፣ የዱሮውን ቅርፊት ደቁሳ ከእህል ጋር ትበትንላት ነበር። ይህን ስነግረው ኑሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። «በሉ እንግዲህ፣ አንቱ ኡስታዝ ነዎት!» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ያዝኩ። ቅርፊቱን አጥባለሁ፣ ውስጡ ያለችውን ስስ ቆዳ እልጣለሁ፣ አፈላዋለሁ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ፤ ከዚያ ትሪ ላይ አድርጌ በጠርሙስ እየዳመጥኩ አደቅቀዋለሁ። እንደ ዱቄት እስኪሆን። «እህል አይደለም፣ ጥርስ የላቸውም፤ ይድቀቅልኝ» ይል ነበር። በየቀኑ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ዱቄት በፌስታል አድርጌ የበሩ እጀታ ላይ አንጠለጥላለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወርድ አንኳኩቶ፣ ሁለት ደረጃ ወርዶ፣ ግድግዳውን እያየ፣ «አመሰግናለሁ እማማ፤ ነገም እመጣለሁ» ይላል።

ትዕግስት ግራ ገባት። «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ እንቁላል ማን ነው የሚበላው?»

«እኛ ነና።»

«በሳምንት ሁለት ካርቶን?»

«ሺ እግር ነው እኮ የሚበላው ትዕግስት፣ ባለ ሁለት እግር አይደለም» አልኳት። የምሬን ነው። ያን ያህል እግር የሚያቆም ነገር ብዙ ሳይበላ አይቀርም ብዬ ነበር የማስበው።

ዓርብ ዓርብ፣ ኑሩ ከጁምዓ ሲመለስ፣ እኔና ሶስና ወደ ሰገነቱ እንወጣ ነበር። ክፍሉ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የሶላት ምንጣፍና ያ ሳጥን ነው። በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና፣ እኛን ውስጥ አስገብቶ እሱ ውጭ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል። የሪያድ አየር እንዳያደርቅባቸው ሳጥኑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጥላል። አፈሩን፣ የበሰበሰውን ቅጠልና እንጨት ከኡስታዝ ኢስቲራሐ ነው ያመጣው። በሐምሌው ሙቀት ማቀዝቀዣውን ለእነሱ ትቶ እሱ ውጭ ይተኛ እንደነበር ሶስና ነች ያወቀችው።

ክዳኑን ሲያነሣ፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ እናንት ባለ እግሮች» ይላቸዋል። ዱቄቱን እኔ ነኝ የምነሰንሰው፤ «ባለቤትዋ ይስጡ» ይለኛል። ኪያሩ ላይ ትንሽ ቁንጥር አድርጌ ስተወው፣ አንዱ ጥቁር ነገር ከቅጠሉ ሥር ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ቀን ጮኼ ነበር። በኋላ ክንዴ ላይ ሲሄድ ዝም አልኩ። እግሮቹ አንድ በአንድ አይነሡም፤ ነፋስ ገብስ ማሳ ላይ ሲያልፍ እንደሚመስለው ነው።

ሶስና አንድ ዓርብ እግሩን ልቁጠር ብላ ቁጭ አለች። ሁለት መቶ ገደማ ስትደርስ አለቀባት። «ኑሩ! ሺ የለውም፣ ዋሽተኸኛል!»

«የቀረውን ቤት ትቶት ነው የመጣው» አላት። «ሁሉን ይዞ ሪያድ የመጣ ማን አለ?»

ደረጃውን ስትሮጥ ካያት ደግሞ፣ «ሶስናዬ፣ በሁለት እግር ምን ያስሮጥሻል? ይሄ ሁሉ ያለው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ» ይላታል። እሱ ራሱ «ያላ» ማለት ይወድ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ፣ «ያላ፣ በቀስታ» ነው የሚለው። ቶሎ በል ብሎ ደግሞ ቀስ በል። አንድ ጊዜ በመስኮት ቁልቁል ሳየው፣ ከመንገዱ ቀና ብሎ፣ «አንቱ እማማ! ከዚህ ሲያዩዎት እኮ መስኮቱ ላይ የተሳሉ ይመስላሉ! ትናንትም እዚያው፣ ዛሬም እዚያው!» ብሎ ጮኸብኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። አማርኛ የሚያውቅ ባይኖርም ሳቀ።

ያን ዓመት ሰገነታችን ላይ ርግብ በዝቶ እንደነበርም ትዝ ይለኛል። ጠዋት ጠዋት የክንፋቸው ድምፅ ጣሪያውን ያናውጠው ነበር። ሶስና፣ «ኑሩን ነው የሚጠብቁት» ትላለች። የወፍ ሰው ነው፣ ይሸቱታል ብዬ ተውኩት።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ።

ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ በሩን ከፍቼ፣ «ኑሩ ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ እንቁላል እኛ ቤት አይሰበርም። አምሳ አምስት ቀን ነው» አልኩት። ለእኔ ከባድ ቀን ነበር። ከሺ እግሮቹ ሦስቱ ልብስ ሊያወልቁ አፈር ውስጥ ገብተዋል፤ ቅርፊት የሚያስፈልጋቸው አሁን ነው። ኑሩም፣ «ታዲያ ምን ይሻላል እማማ?» አለኝ። እኔ መፍትሔ ይዞ መጥቷል ብዬ ነበር። እሱ ግን ነገሩን ለእኔ ትቶ ወረደ።

ያን ቀን ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እንቁላሉን ሰብሬ ልጣለው? ኃጢአት ነው። ትዕግስት ከየትም ፈልጋ ታምጣ? እሷም ሥራ ላይ ናት። ከታች የእንቁላል ሽታ ይመጣል። ድንገት ታየኝ፤ ቡፊያው! ስንት መቶ እንቁላል ይሰብራል በቀን?

ነጠላዬን ለበስኩና፣ በላዩ ትዕግስት የገዛችልኝን ጥቁር ዐባያ ደረብኩና ወረድኩ። ሪያድ ከመጣሁ ብቻዬን መንገድ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። የቡፊያው ሠራተኛ ህንዳዊ ነው። እኔ ዐረብኛ የለኝም፣ እሱ አማርኛ የለውም። ወደ ቆሻሻ መጣያው አመለከትኩ። እንቁላሉን አመለከትኩ። በእጄ መፍጨት አሳየሁት። ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ርቧት ከቆሻሻ ልትለቅም መጣች ብሎ ነው! ትልቅ የእንቁላል ሳንዱች ጠቅልሎ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

«ጾም ነኝ ልጄ! ጾም!» ብዬ አማተብኩ። እሱ የባሰ አዘነ፤ ሁለተኛ ጨመረ።

ከኋላዬ አንድ የሀገር ልጅ፣ ቀለም የተረጨበት የሥራ ልብስ የለበሰ፣ በሳቅ ፈነዳ። «እናቴ፣ ምንድን ነው የፈለጉት? ልንገርልዎት።» ነገርኩት። «ለምን ቢለኝስ?» «ለሺ እግር በለው።» «ኧረ እናቴ፣ እሱን አልለውም፤ ለመድኃኒት ነው እለዋለሁ» አለና አስተረጎመልኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ህንዳዊው ቅርፊት የሞላበት ጥቁር ፌስታል ሚስማር ላይ ያንጠለጥልልኛል። በየጠዋቱ እወርዳለሁ፤ «ሰባሐል ኸይር ማማ» ይለኛል፤ እኔም መመለስ ቻልኩ።

አሁን የምጽፈው ነገር እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ነው።

የቡፊያው ቅርፊት ብዙ ነበር፤ በጠርሙስ የሚያልቅ አልሆነም። ከሀገሬ በሻንጣ ያመጣኋት ትንሽ የእንጨት ሙቀጫ አለችኝ። ከሁለት ቀን በፊት ለጾሙ ሽሮ የሚሆን ሚጥሚጣ ወቅጬባታለሁ። እርጥብ ጨርቅ ወስጄ ጠረግኋትና ቅርፊቱን ጨመርኩ። እንዴት ያለ ዱቄት ወጣ መሰላችሁ! እንደ ጨው የደቀቀ። ኮራሁ።

ኑሩ ያን ቀን ማልዶ ሄዷል፤ ቁልፍ ግን ሰጥቶኝ ነበር፣ ውኃ እንድረጭላቸው። ወጣሁ። አንዱ ልብሱን አውልቆ ብቅ ብሏል፤ ነጭ፣ የለሰለሰ፣ ገና የተወለደ ሕፃን ይመስል። አንጀቴን በላኝ። ቶሎ ይጠንክር ብዬ እፍኝ ሙሉ በላዩም በዙሪያውም ነሰነስኩ።

ጥቂት ቆይቶ ሳጥኑ ውስጥ ሁከት ሆነ። እነዚያ ቀስ ብለው የሚሄዱት ነገሮች የሳጥኑን ግድግዳ መቧጠጥ ያዙ። አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ይጠቀለላል፣ ቡኒ ፈሳሽ ይለቃሉ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ምን ነካቸው ብዬ ዓይኔን ሳሸው፣ ዓይኔ ነደደ። ሚጥሚጣ!

ስልኩን እንዴት እንደደወልኩ አላውቅም። «ኑሩ! ኢቃማህን ፈጀሁት!» ብቻ ነው ያልኩት።

በታክሲ መጣ። አልተቆጣም። አንድ ቃል እንኳ። ሳፋ አምጥቶ ለብ ያለ ውኃ ሞላ፤ አንድ በአንድ እያነሣ፣ ሕፃን እንደሚታጠብ፣ በመዳፉ ይዞ አጠባቸው። እኔ እያለቀስኩ አፈሩን ዘረገፍኩ፤ የተነካውን ሁሉ ቀየርን። ከአፈሩ ውስጥ ጠፍጣፋ ነጭ ስብርባሪ አገኘሁ። ሳነሣው እንደ ወረቀት ቀለለኝ። «ይሄስ ምንድን ነው?» ስለው፣ «ድንጋይ ነው እማማ፤ ይተዉት» አለኝና ከእጄ ወሰደው። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው እንዲህ የሚቀል አልኩ፣ ግን ማን ልብ አለው።

አሥራ አንዱ ተረፉ። ነጩ፣ ያ ገና ልብስ ያወለቀው ሞተ። ኑሩ ሰገነቱ ላይ አንዲት የአበባ ቆርቆሮ ነበረችው፤ እዚያ ቀበረው። እጆቹ በዚያ ቡኒ ፈሳሽ ተበክለው ለሦስት ሳምንት እንደ እንሶስላ ሆነው ነበር።

«አብሽሩ እማማ» አለኝ። «እንደ አንቱ የሸዋ ሺ እግር ቢሆን ኖሮ ሚጥሚጣውን ይችለው ነበር።»

አልሳቅኩም። ቤቴ ገባሁ። ሙቀጫዋን አልጋ ሥር ወረወርኩ። ወደ ቡፊያውም አልወርድም፣ ቅርፊትም አልነካም ብዬ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። የሰውዬው የአራት ልጅ እንጀራ በእኔ እጅ ሊጠፋ ነበር እኮ! ሌላ ሰው ቢሆን ከሰገነቱ ያባርረኛል፤ ቁልፉንም ይቀማኛል።

በማግስቱ ጠዋት ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። አልከፈትኩም። የሚወርድ የእግር ድምፅ አይሰማም፤ አልሄደም።

«እማማ፣ ቅርፊት» አለ ከደረጃው።

«ሂድ ልጄ። ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ሌላ ሰው የለኝም።»

«ገዳይ ነኝ እኔ!»

«አሥራ አንዱ ቁርስ አልበሉም እማማ። ስሞታ አቅርበዋል።»

ቆየ። ሥራ ሊረፍድበት ነው። እኔም ጨነቀኝ። በመጨረሻ ከፈትኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ባዶ ፌስታሉን ወደ ላይ ዘረጋልኝ። «ያላ፣ በቀስታ» አለኝ። ተቀበልኩትና ወደ ቡፊያው ወረድኩ። ከዚያ በኋላ በጠርሙስ ብቻ ነው ያደቀቅኩት፤ በመጀመሪያ በምላሴ እየቀመስኩ።

ኡስታዝ የተመለሱት ከፋሲካ በኋላ፣ ረመዳን በገባ በሳምንቱ ነው። ከዘራ ይዘው፣ በየፎቁ እያረፉ፣ እስከ ሰገነቱ ድረስ ወጡ። ኑሩ የክት ልብሱን ለብሷል፤ ላብ ፊቱን አጥቦታል። እኔና ሶስና በሩ ላይ ቆመናል። ሽማግሌው ሳጥኑን ከፍተው በጣታቸው ቆጠሩ። አሥራ አንድ። ቀና አሉና ኑሩን አንድ ነገር ጠየቁት። ኑሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መለሰ። ዐረብኛ ባላውቅም ያቺን እጅ አወቅኋት። ጥፋቱን በራሱ ላይ እያደረገ ነው!

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ እንጃ። ሙቀጫዋን ከአልጋ ሥር አወጣሁና ተመለስኩ። «ውሸቱን ነው!» አልኩ ባማርኛ። «እኔ ነኝ! ይኸው!» ብዬ ሙቀጫዋን አፍንጫቸው ሥር ደቀንኳት። ኡስታዝ አሸተቱ። አነጠሱ። ደጋግመው አነጠሱ። ኑሩ ፈራ፤ ከዚያ ያ ድምፅ የሌለው ሳቁ ትከሻውን ይንጠው ጀመር። ሽማግሌውም ዓይናቸውን በራስ ሻሻቸው እየጠረጉ ሳቁ።

ሁሉን ነገር ተርጉሞ ነገራቸው። እሳቸው ከሳጥኑ ትልቁን አንሥተው ጀርባውን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። ጠጣር ድምፅ ሰጠ። «ማን ነው ያበላቸው?» አሉት። ኑሩ ወደ እኔ ጠቆመ። ኡስታዝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉልኝ። እኔ በሕይወቴ አስተማሪ ዝቅ ሲልልኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዒዱ በኋላ ኑሩ አንኳኳ። ሁለት ደረጃ ወርዶ፣ አዲሱን ካርድ በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ። «እማማ፣ ኢቃማዬ ከአፈር ወጣ» አለ። በሳምንቱ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ኢስቲራሐው ሄደ። ወደ እኛ ሲመጣ ቲማቲምና ተምር ያመጣልናል፤ እኔም ቅርፊት በጠርሙስ ሞልቼ እልክለታለሁ። ጓሮውን አሳይዎታለሁ እያለኝ ነበር። ሳላየው ቀረሁ።

ዘንድሮ ሶስና ለልደቷ ካናሪ ካልተገዛልኝ አለች። ትዕግስት ሥራ ላይ ስለነበረች እኔ ይዣት ዐዚዚያ ሄድኩ። አሁን ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ታክሲውንም በዐረብኛ እከራከረዋለሁ። ኑሩ ይሠራበት የነበረውን ሱቅ ጠይቀን አገኘነው። ሸምሱ የሚባል የሀገር ልጅ፣ ከኑሩ ጋር ዓመታት አብሮ የሠራ፣ ተቀበለን። ማን እንደሆንን ስንነግረው ካናሪዋን ራሱ መረጠልን።

ወፏን እያሸገልን ሳለ፣ በየወፎቹ ቀፎ ሽቦ ላይ የተሰካ ነጭ ጠፍጣፋ ነገር አየሁ። አንዱን አነሣሁ። እንደ ወረቀት ቀለለኝ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«የባሕር ምላስ ይሉታል አረቦቹ፤ ከባሕር እንስሳ የሚወጣ አጥንት ነው። ካልስየም ነው እማማ። ወፎቹ ይጭሩታል። ያው በካርቶን ነው የሚመጣ፣ ስብርባሪውን ጠርገን እንጥለዋለን። ኑሩ ለነዚያ ሺ እግሮች ከዚሁ ነበር የሚወስድላቸው፤ አፈር ውስጥ ይቀብርላቸዋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ኡስታዝ ራሳቸው ናቸው ያሳዩት።»

«የእኔ ቅርፊትስ?»

ሸምሱ አቀረቀረ። ከዚያ ፈገግ አለ። «አሥራ ሁለት ሺ እግር በሳምንት ከአንድ ቁንጥር አይበላም እማማ። የቀረውን ጠዋት ጠዋት ሰገነቱ ላይ ለርግቦቹ ይበትነው ነበር። እኔ እኮ፣ ‹አንተ ሰው፣ ጊዜ ሳይኖርህ አሮጊቷን ለምን ታደክማለህ? እንስሳቱን በሚጥሚጣ ልትፈጅብህ አልነበር? አሁንም ትሄዳለህ?› ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«‹እሳቸው ከዚያች ነጭ ወንበር ይነሡልኝ እንጂ› አለኝ።»